የተፈጥሮ ክሥተትና የሰው ኑሮ በአደጋ ሥጋት ግምት ውስጥ
(ደሴንና ኮምቦልቻን በምሳሌነት በመውሰድ)

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በመኪና የወረደ ሰው ሁሉ የአገሩን አቀማመጥ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያኽል ከፍ ብላ፣ በምዕራብ ጦሳ ተራራን ተንተርሳ፣ በምሥራቅም በአዝዋ ገደል ተከልላ ተቀምጣለች። መንገዱ ዶሮ መዝለያ ከሚባለው ጠባብ ሸለቆ ገብቶ የቦርከናን ወንዝ እየተከተለ ይጠማዘዝና፣ 25 ኪሎ ሜትር ያኽል በሆነ ጉዞ ከ600 ሜትር የማያንስ ቍልቍለት ወርዶ የኮምቦልቻን ሜዳ ይይዛል። በላይኛይቱ ከተማ ሰው የሚፈራው የመሬት መንሸራተትን ነው፤ በታችኛይቱ ደግሞ ከየተራራው ተሰብስቦ የሚመጣውን ጎርፍ። ሁለቱም ከተሞች የተሠሩት በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ስለ ሆነ የምድር መንቀጥቀጥ ሥጋትም አይለያቸውም።

ይሁን እንጂ በአንድ ክረምት፣ በአንድ ዝናብ፣ በአንድ ተዳፋት ላይ ከተሠሩት ቤቶች አንዱ ሲፈርስ ሌላው ይቆማል። ቤታቸው ከፈረሰባቸውም ሰዎች አንዱ በመስከረም ግድግዳውን አቁሞ ወደ ሥራው ሲመለስ፣ ሌላው ከዚያ ወዲያ ቤቴ የሚለው ነገር ሳይኖረው ይቀራል። ዝናቡ አንድ ሆኖ ሳለ ጉዳቱ ስለ ምን ተለያየ? መልሱን ከዝናብ መለኪያው ብቻ ብንፈልገው አናገኘውም፤ ከሰዎቹ ኑሮ ብቻ ብንፈልገውም ጎደሎ ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱ ዓይነት ማስረጃዎች፣ ማለት ስለ ተፈጥሮ ክሥተትና ስለ ሰው ኑሮ የተሰበሰቡት፣ በምን ዓይነት መንገድ ሊጋጠሙ እንደሚችሉ፣ ሲጋጠሙም ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚያጋጥም ማስረዳት ነው። ልዩ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

1. የሥጋት ሦስት ወገኖች

በዕለት ተዕለት ንግግራችን «አደጋ» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ጎርፉም አደጋ ይባላል፤ ጎርፉ ያደረሰው ጥፋትም አደጋ ይባላል፤ ሊያደርስ ይችላል ብለን የምንፈራውም እንዲሁ። ለጥናት ግን እነዚህን መለያየት ግድ ነው። ጎርፉ፣ ድርቁ፣ ናዳው ወይም መንቀጥቀጡ ራሱ ክሥተት ነው። ክሥተቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ያለው ሰው፣ ቤት፣ ከብትና ማሳ ሁለተኛው ወገን ነው፤ ሰው በሌለበት ገደል የሚናድ ድንጋይ ማንንም አይጎዳምና። ሦስተኛው ተጋላጭነት ነው፤ ይኸውም በመንገዱ ላይ የተገኘው ሰው ምን ያኽል እንደሚጎዳና ከጉዳቱም ተነሥቶ ለመቋቋም ምን ያኽል እንደሚችል የሚገልጸው ባሕርይ ነው። ሥጋት የሚባለው የነዚህ የሦስቱ መገናኛ ነው። ብዙዎቹ አጥኚዎችም ነገሩን በብዜት መልክ ይጽፉታል፦ ሥጋት ማለት ክሥተት ሲባዛ በመንገዱ ላይ በተገኘው፣ ሲባዛ በተጋላጭነት ነው። ከሦስቱ አንዱ ዜሮ ከሆነ ሥጋቱም ዜሮ ይሆናል ማለት ነው።

ይኽ አሳብ ዛሬ የተለመደ ቢመስልም ድሮ እንዲህ አልነበረም። ለረጅም ዘመን አደጋን የማጥናት ሥራ ለሥነ ምድርና ለአየር ጠባይ አዋቂዎች ብቻ የተተወ ነበር። እ. ኤ. አ. በ1976 ጓቴማላ በምድር መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ ከ20,000 በላይ ሰው ሞተ፤ የሞቱትም በብዛት በጭቃ ጡብ ቤትና በገደላ ገደል ጥግ የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። በዚያው ዓመት ኦኪፍ፣ ዌስትጌትና ዊዝነር የተባሉ ሦስት አጥኚዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ «የተፈጥሮ አደጋ» በሚባለው ነገር ውስጥ የተፈጥሮ ድርሻ ብቻውን እንደማይበቃ ተከራከሩ። ለዚህ ነገር የ2002 ዓ. ም. ኹለት የምድር መንቀጥቀጦች ጥሩ ምስክሮች ናቸው። በጥር ወር ሄይቲን የመታው 7.0 ሆኖ ተለካ፤ በየካቲት ቺሌን የመታው 8.8 ነበር። የቺሌው ያወጣው ኃይል ከሄይቲው 500 ጊዜ ያኽል ይበልጣል። የሞተው ሰው ግን በቺሌ 500 ገደማ ሲሆን፣ በሄይቲ ግምቱ ቢለያይም ከመቶ ሺሕ በላይ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ምድር ሳይሆን ቤት፣ ሕግና ገንዘብ ነው።

2. የተፈጥሮው ማስረጃ

በደሴ ተዳፋቶች ላይ የመሬት መንሸራተት ስለ ምን እንደሚበዛ የሥነ ምድር አጥኚዎች በሚገባ ጽፈዋል። ከታች ያለው አለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥንታዊ ጥቍር ድንጋይ ነው፤ በዘመን ብዛት ተሰነጣጥቆ ወደ ሸክላ አፈር የተለወጠበት ስፍራ ብዙ ነው። በእርሱ ላይ ከተራራው እየተንከባለለ የወረደ አፈርና ድንጋይ ተከምሯል። ክረምት ሲገባ ውሃው በላይኛው ልል አፈር ሰርጎ ከታችኛው ጠንካራ አለት ሲደርስ ይቆማል፤ በዚያም መካከል እንደ ሳሙና የሚያንሸራትት ንብር ይፈጠራል። ወንዙ የተዳፋቱን እግር ሲሸረሽር፣ ሰውም ለመንገድና ለቤት መደብ ሲል ያንኑ እግር ሲቈርጥ፣ ከላይ ያለው ክምር መደገፊያውን ያጣል። ከየግቢው የሚፈስሰው ፍሳሽ በቦይ ሳይመራ በተዳፋቱ ውስጥ ሲሰርግ ነገሩን ያብሰዋል። እንግዲህ በክሥተቱም ውስጥ ቢሆን የሰው እጅ አለበት።

ጉዳቱም ቀላል አይደለም። እ. ኤ. አ. ከ1993 እስከ 1998 ባሉት ዓመታት በኢትዮጵያ የመሬት መንሸራተት 300 ያኽል ሰው እንደ ገደለ፣ ከ200 በላይ መኖሪያ ቤቶችን እንዳፈረሰና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ እንዳበላሸ ተመዝግቧል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ. ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰው ናዳ ደግሞ ብቻውን ከ200 በላይ ሰው ፈጀ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ስለ ምድር መንቀጥቀጥም ቢሆን፣ በ1953 ዓ. ም. ከኮምቦልቻ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው ተከታታይ መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዳፈረሰ፣ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት እንደ ጣለ በጊዜው የነበረው የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ዲሬክተር አባ ፒየር ጉዌን በጻፉት የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

ዛሬ ስለ ክሥተት ማስረጃ ማግኘት ከቀድሞው እጅግ ቀሏል። በ1992 ዓ. ም. ከጠፈር መንኰራኵር ላይ በራዳር የተለካው የምድር ከፍታ በ30 ሜትር ካሬ ተከፋፍሎ ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ከእርሱም የየተዳፋቱን ቍልቍለት ማስላት ይቻላል። ከሳተላይትና ከምድር ጣቢያዎች ተጣምሮ የሚዘጋጀው ቺርፕስ የተባለው የዝናብ መዝገብም እ. ኤ. አ. ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በ5 ኪሎ ሜትር ያኽል ካሬ ይሰጣል። ነገር ግን የመለኪያውን ልክ ማወቅ ያሻል። አንድ የዝናብ ካሬ ከሰኞ ገበያ እስከ ጦሳ ወገብ ያለውን ሁሉ በአንድ ቍጥር ሊጠቀልለው ይችላል። በ30 ሜትር ካሬ ውስጥም በደሴ የመኖሪያ ሰፈሮች ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤተሰብ ይኖራል። ስለዚህ ካርታው «ይኽ ሰፈር ያሠጋል» ለማለት ይረዳል እንጂ «ይኽ ቤት ይወድቃል» ለማለት አይበቃም።

3. የኑሮው ማስረጃ

የክሥተት ማስረጃ ብቻውን እንደማያድን የወሎ ሕዝብ በከባድ ዋጋ የተማረው ነገር ነው። በ1964 ዓ. ም. የክረምቱ ዝናብ በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ ጎደለ፤ በ1965 ዓ. ም. የበልጉም ዝናብ ቀረ። ረኃቡ ጸንቶ ሕዝቡ ወደ አውራ ጎዳናው እየወጣ መኪና እስከ ማስቆም ደረሰ። የኢኮኖሚ ሊቁ ፕሮፌሰር አማርትያ ሴን እ. ኤ. አ. በ1981 ባሳተሙት ስለ ድህነትና ረኃብ በሚናገረው መጽሐፋቸው ይኽንን ረኃብ ሲመረምሩ፣ በተለይ የደሴን ገበያ የእህል ዋጋ ተመልክተው ነበር። ያገኙትም ነገር ብዙ ሰው አስደንቋል፤ ረኃቡ በጸናበት በዚያ ዘመን የደሴ ገበያ የእህል ዋጋ በጠቅላላው ከድርቁ በፊት ከነበረው እምብዛም አልራቀም ነበርና። ከወሎም እህል ወደ ሌላ ስፍራ ይወጣ እንደ ነበር የሚያመለክት ማስረጃ ጠቅሰዋል።

የዚህ ምክንያት ምንድን ነው? ገበሬው ሰብሉ ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ሸጦ ገንዘብ የሚያደርገውንም አጣ። የሚገዛበት ገንዘብ የሌለው ሰው በገበያ ላይ እንደሌለ ይቈጠራል፤ ቢራብም ዋጋ አያስወድድም። ከገበሬው ጋራ የእርሱን ገንዘብ ተስፋ አድርገው የሚኖሩት ሸማኔው፣ የቀን ሠራተኛውና በሰው ቤት የምታገለግለው ሴት አብረው ወደቁ። የአፋሩ አርብቶ አደር ደግሞ በአዋሽ ሸለቆ የበጋ ግጦሹን ለሰፋፊ እርሻዎች ለቆ ስለ ነበር፣ ድርቁ ሲመጣ ከብቱ አለቀ፤ የተረፈውንም ሲሸጥ በፊት የሚያገኘውን ያኽል እህል አላገኘበትም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም እ. ኤ. አ. ከ1958 እስከ 1977 ድረስ በኢትዮጵያ ገጠር የደረሰውን ረኃብ አጥንተው ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ረኃብ የድርቅ ብቻ ልጅ አለመሆኑን፣ ድርቁ የሚጥለው አስቀድሞ የተዳከመውን ገበሬ መሆኑን በሰፊው አስረድተዋል።

ከዚህ የምንማረው ትምህርት ግልጽ ነው። በ1965 ዓ. ም. ዝናብ መለኪያውን ብቻ ያየ ሰው ድርቁን ባወቀ ነበር፤ ነገር ግን ማን እንደሚሞት አይነግረውም። የእህል ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው ደግሞ «ገበያው ደኅና ነው» ብሎ በተቀመጠ ነበር። የዝናቡን ጉድለት፣ የከብቱን ዋጋ ከእህሉ ዋጋ ጋራ፣ የቀን ሥራውንም መጥፋት ባንድነት ያጋጠመ ሰው ግን ነገሩን ሰው ወደ ጎዳና ከመውጣቱ በፊት ባየው ነበር። ከዚያ ረኃብ በኋላ በ1966 ዓ. ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ2005 ዓ. ም. የወጣውም የአደጋ ሥጋት አመራር ፖሊሲ ከአደጋ በኋላ እህል ከማደል ይልቅ ሥጋትን አስቀድሞ ማወቅና መቀነስ እንዲቀድም አድርጓል። በየወረዳውም ስለ ክሥተቱ፣ ስለ ተጋላጭነቱና ስለ መቋቋም አቅሙ ባንድነት የሚናገር መዝገብ የማዘጋጀት ሥራ የተጀመረው በዚሁ አሳብ ነው።

ወደ ከተሞቹ ስንመለስ፣ ተጋላጭነትን በምን እንለካዋለን? ተጋላጭነት እንደ ዝናብ በሜትር አይለካም፤ በምልክቶቹ ይታወቃል እንጂ። እያንዳንዱ ምልክት ግን ስለ ምን እንደ ተመረጠ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ለምሳሌ ተከራይና ደባል የሆነ ሰው ቤቱን ለማጠናከር መብትም ገንዘብም የለውም። በጉልት ንግድና በቀን ሥራ የሚኖር ሰው ሦስት ቀን ዝናብ ሲጥል የሦስት ቀን እንጀራ ያጣል። ሽማግሌ፣ አካለ ስንኩልና ሕፃን የታቀፈች እናት በሌሊት ከናዳ ለማምለጥ ይከብዳቸዋል። ልጁ ከዓረብ አገር በምትልከው ገንዘብ የሚኖር ቤተሰብ ዛሬ ደኅና ቢመስልም ገንዘቡ በአንድ ቀን ሊቋረጥ ይችላል፤ በ2006 ዓ. ም. ከ150,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ይኽ በብዙ ቤት ታይቷል። በ2009 ዓ. ም. መጨረሻ የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም ከየገጠሩ ወጣት ሠራተኞችን ስቧል፤ ከነዚህም በከተማው ዘመድ የሌላት ልጅ ጎርፍ ቢመጣ ወዴት እንደምትሸሽ ማሰብ ያስፈልጋል።

የማስረጃው እርጅና ደግሞ ሌላ ችግር ነው። የመጨረሻው ብሔራዊ የሕዝብ ቈጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ. ም. ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ደሴ ከዙሪያዋ ጋራ 151,174፣ ኮምቦልቻ ከዙሪያዋ ጋራ 85,367 ሰው ነበራቸው። በ2011 ዓ. ም. እንዲደረግ የታቀደውም ቈጠራ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በ2013ና በ2014 ዓ. ም. ብዙ ተፈናቃዮች ወደ ሁለቱ ከተሞች ገቡ፤ በ2014 ዓ. ም. መጀመሪያም ከተሞቹ ራሳቸው በጦርነቱ ተይዘው ሱቆች፣ ፋብሪካዎችና የሕክምና ስፍራዎች ተዘረፉ። የጦሳ ቍልቍለት በ1992 ከተለካው ዛሬም ብዙ አልተለወጠም። የሰው ኑሮ ግን በአንድ ወር ተለውጧል። ሁለቱን ማስረጃዎች ስናጋጥም አንደኛው እንደ ድንጋይ የቆመ፣ ሁለተኛው እንደ ውሃ የሚሄድ መሆኑን መርሳት አይገባም።

4. ሁለቱን ማጋጠም

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ቍልቍለት በዲግሪ፣ ዝናብ በሚሊሜትር፣ ገቢ በብር፣ ዕድሜ በዓመት ይለካል። እነዚህን መደመር ዳጉሳን ከጨርቅ ጋራ እንደ መደመር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አንድ ወዳለው የጋራ ሚዛን ይለወጣል፤ ዝቅተኛው ዜሮ፣ ከፍተኛው አንድ ይሆናል። ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ መደመር ይሻላል ወይስ ማባዛት የሚል ነው። ይኽ የሒሳብ ጨዋታ እንዳልሆነ የሚከተለው የታሰበ ምሳሌ ያሳያል።

ሦስት ሰፈሮች አሉ እንበል። በሰፈር «ሀ» ክሥተቱ 0.9፣ ተጋላጭነቱ 0.2 ነው፤ ማለት ገደሉ ክፉ ሆኖ ነዋሪዎቹ ደኅና ኑሮ ያላቸው ናቸው። በሰፈር «ለ» ክሥተቱ 0.5፣ ተጋላጭነቱ 0.6 ነው። በሰፈር «ሐ» ክሥተቱ 0.2፣ ተጋላጭነቱ 0.9 ነው፤ ማለት ሜዳው ደኅና ሆኖ ነዋሪዎቹ እጅግ ድሆች ናቸው። ደምረን ለሁለት ብናካፍል ሦስቱም 0.55 ይሆናሉ፤ ልዩነት የላቸውም። ብናባዛቸው ግን «ሀ» 0.18፣ «ለ» 0.30፣ «ሐ» 0.18 ይሆናሉ። ማባዛቱ ሁለቱ ነገሮች ባንድነት የተገናኙበትን ሰፈር ለይቶ ያወጣል። መደመር የአንዱን ብዛት በሌላው ማነስ ያካክሳል፤ ማባዛት ግን ይኽን ማካካስ ያጠብበዋል። ሥጋት የሁለቱ መገናኛ ነው ካልን፣ ማባዛቱ ወደ አሳቡ ይቀርባል።

ክብደት የመስጠትም ነገር አለ። በዚሁ ምሳሌ ውስጥ እየደመርን ለክሥተቱ 70 በመቶ፣ ለተጋላጭነቱ 30 በመቶ ክብደት ብንሰጥ፣ «ሀ» 0.69፣ «ለ» 0.53፣ «ሐ» 0.41 ይሆናሉ። ክብደቱን ብንገለብጠው «ሀ» 0.41፣ «ለ» 0.57፣ «ሐ» 0.69 ይሆናሉ። የመጀመሪያው ኋለኛ፣ ኋለኛው የመጀመሪያ ሆነ። ከሰፈሮቹ ምንም ነገር አልተለወጠም፤ የተለወጠው በቢሮ የተቀመጠው ሰው አሳብ ብቻ ነው። ለአንድ ሰፈር ብቻ የሚበቃ የድጋፍ ግንብ ገንዘብ ቢኖር፣ ግንቡ የት እንደሚሠራ የወሰነው ይኽ አሳብ ይሆናል። ስለዚህ ክብደቱን የሰጠው ማን እንደ ሆነ፣ በምን ምክንያትም እንደ ሰጠ በግልጽ መጻፍ የጥናቱ ክፍል እንጂ ትርፍ ነገር አይደለም።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የማይታየው ስሕተት ከማጋጠም በፊት አማካይ መውሰድ ነው። መቶ ቤት ያለበት አንድ ቀበሌ እናስብ። ሰማንያው ቤት በደልዳላ ስፍራ ሆኖ ክሥተቱ 0.1፣ ተጋላጭነቱ 0.2 ነው። ሃያው ቤት ደግሞ በወንዙ ገደል አፋፍ ሆኖ ሁለቱም 0.9 ናቸው። የቀበሌው አማካይ ክሥተት 0.26፣ አማካይ ተጋላጭነት 0.34 ነው፤ ሲባዙ 0.09 ያኽል ይሆናል። የየቤቱን አስቀድመን አባዝተን ከዚያ አማካዩን ብንወስድ ግን 0.18 ያኽል ነው፤ እጥፍ ማለት ነው። በመጀመሪያው መንገድ ቀበሌው «ደኅና» ይባላል፤ ሃያው ቤትም በሰማንያው ቤት ደኅንነት ተሸፍኖ ይቀራል። ድሀው ሰው በሚያሠጋው ስፍራ የሚኖረው በአጋጣሚ አይደለም፤ ርካሽ ሆኖ ያገኘው እርሱን ስለ ሆነ ነው። ክሥተትና ድህነት አብረው የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ፣ አስቀድሞ አማካይ መውሰድ ሁልጊዜ ሥጋቱን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እንግዲህ ሕጉ «አስቀድመህ አጋጥም፤ ከዚያ አማካይ ውሰድ» የሚል መሆን አለበት።

5. መጠንቀቅ የሚገባን ነገር

ተጋላጭነት ለሁሉ ክሥተት አንድ አይደለም። ጭቃ ተመርጎ የተሠራ የእንጨት ቤት ጎርፍ ሲገባበት ቶሎ ይፈርሳል፤ ምድር ሲንቀጠቀጥ ግን እንጨቱ ስለሚተጣጠፍ፣ በጭቃ ብቻ ከተያያዘ የድንጋይ ግንብ ይልቅ ነዋሪውን ሊያተርፍ ይችላል። ስለዚህ አንድ የተጋላጭነት ቍጥር አዘጋጅቶ ለጎርፍም፣ ለናዳም፣ ለድርቅም፣ ለመንቀጥቀጥም መጠቀም ትክክል አይደለም። ለየክሥተቱ የየራሱን መሥራት ያስፈልጋል።

ደግሞም ካርታ ሲወጣ በወረቀት ላይ አይቀርም። ቀይ የተቀባው ሰፈር ነዋሪ «ተነሣ» ሊባል ይችላል። በሰኞ ገበያ እየሸጠች የምትኖር ሴት ከገበያው ርቃ ወደ ከተማው ዳርቻ ብትወሰድ፣ ከናዳው ትድን ይሆናል፤ ነገር ግን ደንበኞቿን፣ ጎረቤቶቿንና ቅሬዋን ታጣለች። ክሥተቱን ስንቀንስ ተጋላጭነቱን ከጨመርነው፣ ብዜቱ ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ሥጋትን የሚያጠና ሰው ይኽን አስቀድሞ ሊያሰላው ይገባል።

ቅሬን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። በሌላው አገር እድር የሚባለው በወሎ ቅሬ ነው። ቅሬ ለቀብር የተመሠረተ ማኅበር ቢሆንም፣ በየቤቱ ማን እንዳለ፣ ማን ታሞ እንደ ተኛ፣ ማን ረዳት እንደሌለው ከማንኛውም መዝገብ ቀድሞ የሚያውቅ እርሱ ነው። በ2009 ዓ. ም. ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ተጠቃሚዎቹን ሲለይ የማኅበረሰቡን ዕውቀት መጠቀሙ፣ እንዲህ ያለው ዕውቀት ለመንግሥት ሥራ ሊያገለግል እንደሚችል ያሳያል። የቅሬው ዕውቀትም ጉድለት አለው፤ አዲስ መጤው፣ ደባሉና ተፈናቃዩ ብዙ ጊዜ የቅሬ አባል አይደሉምና። ነገር ግን ይኽ ጉድለት ራሱ ምልክት ነው፤ ቅሬ የሌለው ሰው በአደጋ ጊዜ ስሙን ጠርቶ የሚፈልገው የለም ማለት ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ብናጠቃልለው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ሥጋት የክሥተት፣ በመንገዱ ላይ የመገኘትና የተጋላጭነት መገናኛ ስለ ሆነ አንዱን ብቻ መለካት አያዋጣም። ሁለተኛ፣ የማጋጠሚያው ዘዴና ክብደቱ ውጤቱን ስለሚለውጡ በግልጽ ሊጻፉና በሌላም መንገድ ተሰልተው ሊፈተኑ ይገባል። ሦስተኛ፣ አማካይ የድሀውን ቤት ይሸፍናልና ማጋጠሙ በተቻለ መጠን በቤተሰብ ደረጃ ይሁን። አራተኛ፣ የኑሮው ማስረጃ ቶሎ ስለሚያረጅ ቶሎ ቶሎ መታደስ አለበት።

ይኽ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ለጓደኞቼ ተማሪዎች የማቀርበው አሳብ አንድ ነው፦ በክረምት ዕረፍታችን እያንዳንዳችን ባደግንበት ሰፈር አንድ ተዳፋት ወይም አንድ የወንዝ ዳር እንምረጥ። ከሳተላይት የተገኘውን የቍልቍለት ካርታ ይዘን ከቅሬው ዳኛ ጋራ ቤት ለቤት እንሂድ፤ ካርታው ያየውንና እርሳቸው የሚያውቁትን ጎን ለጎን እንጻፍ። ሁለቱ የሚስማሙበትም የማይስማሙበትም ስፍራ ለጥናት ይጠቅማል። መምህራኖቻችንም ዘዴውን ቢያርሙልን፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለደሴና ለኮምቦልቻ ማዘጋጃ ቤቶች የሚጠቅም መዝገብ ይኖረናል።

የአገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል። በ1965 ዓ. ም. የሆነው እንደዚሁ ነበር፤ ጩኸቱ የተሰማው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ዛሬ ግን ዝናቡን ከሰማይ፣ ኑሮውንም ከየደጁ የምናይበት መሣሪያ በእጃችን አለ። የሚቀረው ሁለቱን አጋጥሞ፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በጊዜ መሥራት ነው።